እናትሽስ?

«እናትሽስ?»

«ሞታለች።»

«እንደሱ አይደለም! የዳቦ ዋጋ ነው እንዴ የምትነግሪኝ? ቀስ ብለሽ፣ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ። እንደገና። እናትሽስ?»

«ሞ... ታለች።»

«መቼ?»

«ሰባተኛ ክፍል እያለሁ።»

«በምን?»

«በኩላሊት።»

«ጎበዝ። አሁን ደግሞ ስምሽ ሲጠራ?»

«አቤት እላለሁ።»

«ወዲያው! ዞር ዞር ብለሽ እሷ የት አለች እንዳትይ። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ማለት አንቺ ነሽ።»

ከችፑድ ግድግዳው ወዲህ ፍራሿ ላይ ተጋድማ ይህን የምትሰማው ልጅ መጀመሪያ ሕልም መሰላት፤ ቀጥሎ የሬዲዮ ድራማ መሰላት፤ በመጨረሻ ግን ድምፆቹን ለየቻቸው። ጠያቂው አጎቷ ነው። መላሿ የአጎቷ ልጅ ናት። የሞተችው እናት ግን የእሷ የራሷ ናት። ሰባተኛ ክፍል እያለች በኩላሊት የሞተችባት እናቷ፣ እንደ ትርፍ ካፖርት ከመስቀያ ወርዳ ለሌላ ሰው ትለካ ነበር። የአጎቷ ልጅ እውነተኛ እናት፣ ጤነኛዋ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች። አጎትየውም ለጥናቱ ያን ሰዓት የመረጠው እሷ እንዳትሰማ ብሎ ነው። የእህቱን ልጅ ግን ረሳት፤ ወይም ብትሰማስ ማን ያምናታል ብሎ ተዋት።

በዚህ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም። የአጎቷ ልጅ ሥራ ነክታ ስለማታውቅ «ሙሽሪት» ትባላለች። እሷ ደግሞ «ቀደዳ» ናት፤ ያጋነነችው፣ የፈጠረችው፣ ከአየር ላይ ቀድዳ ያመጣችው ወሬ ብዛቱ አይጣል ስለሆነ። የአከራያቸው ድመት ወሩ ሲያልቅ በየበሩ እየዞረች ኪራይ ትጠይቃለች ብላ ግቢውን ሙሉ በሳቅ ገድላዋለች። በልጅነቷ የዘነበው ዝናብ ዓሣ በመስኮት አስገብቶ እናቷ ለዓሣው ሻይ አቅርባ ሸኘችው ስትልም ዓይኗን አታሽም። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ውጤት የመጣ ቀን ያገኘችውን ቁጥር ስትናገር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቷ እንባውን እየጠረገ «እስቲ ልየው» ብሎ ስልኩን ከፈተ፤ አየ፤ ደግሞ አየ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልሳቀም። የሙሽሪትን ውጤት የጠየቀም፣ ያነሳም ሰው አልነበረም። የቀደዳን እውነተኛ ስምም ለዓመታት ማንም ስላልተጠቀመበት፣ አጎቷ ቢወስደው የሚጎድል ነገር ያለ አልመሰለው ይሆናል።

አሁን ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ይገጣጠምላት ጀመር። አጎቷ ፎቶ አንሺ ነው። ወደ መንገድ የሚያየው የቤቱ ፊተኛ ክፍል ፎቶ ቤቱ ነው፤ ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የሟች ፎቶ አሳድጎ በፍሬም መስጠት። የኮሌጁን ማመልከቻ የላከላትም እሱ ነው። ያኔ ለማመልከቻው ያነሳትን ፎቶ ስታየው ዓይኑ የራሷ ነው፣ አገጩና ጉንጩ ግን የሙሽሪት። «ጋሼ፣ ይሄ እኔን አይመስልም» ብትለው፣ ከኮምፒውተሩ ሳይዞር «ዝም ስትዪ እንዲህ ነሽ» አላት። እሷም ስቃ አለፈችው። ለካ ሁለቱን ልጆች እንደ ሁለት ዓይነት ሊጥ አንድ ላይ ለውሷቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ምዝገባው ከተባለው ቀን በሳምንት ተራዝሟል፣ ደውዬ አጣርቻለሁ» ብሎ፣ ወረቀቶቿን «እንዳይጠፉ» በፎቶ ቤቱ ቁምሳጥን ቆልፎባቸዋል። ለካ አልተራዘመም፤ ምዝገባው ዛሬ ነው።

ቁርስ ላይ እንቁላል ቀረበ። እንቁላል ከተወደደ ወዲህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው ሰው ሲታመም ወይም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበርና፣ ቀደዳ ሳህኗን አይታ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ራሷን ጠየቀች። የአጎቷ ሚስት በማለዳው ሰርግ ስትጠራ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ከላዩ ሽርጥ አስራለች፤ ከሽርጡ ሥር ያበራል። ሙሽሪት ፀጉሯን ወደ ኋላ ጭብጥ አድርጋ አስራለች፣ ልክ እንደ ቀደዳ። ማንም ማንንም አያይም። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

«የካሜራው ባትሪ ሞተ መሰለኝ» አለች ሙሽሪት፣ ዝም ማለቱ ከብዷት።

«አፍሽን!» አለቻት እናቷ። «አለቀ በይ። ጠዋት በማለዳው ምን ዓይነት ሟርት ነው?»

ሴትየዋ ያን ቃል ቤቷ ውስጥ አታስገባውም። ባትሪ አይሞትባትም፣ አበባ አይሞትባትም፣ የጎረቤት ሰው እንኳ ቢሆን «አረፈ» ተብሎ ነው የሚነገራት፤ እሱም ከበር ውጭ። ጎረቤቶች ሲቀልዱባት፣ አይጥ እንኳ ግቢዋ ውስጥ ላለመሞት አጥር ዘላ ትሄዳለች ይላሉ። ይህን ወሬ ማን እንደፈጠረው መናገር አያስፈልግም።

አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀደዳ፣ ዛሬ አንድ ነገር ትረጂኛለሽ። የፎቶ ወረቀት አልቆብኛል። ከከተማው ጫፍ ያለው አከፋፋይ ጋ ሂጂ። ወረፋ ካለ ጠብቂ። ቢመሽብሽም ግድ የለም።» የታክሲ በሰጣት ላይ ጨመረላት፤ «ምሳም ብዪበት» አላት። በሕይወቷ ሙሉ ከዚያ ሰው እጅ ጭማሪ አግኝታ አታውቅም። የአጎቷን ሚስት ቀና ብላ አየቻት፤ ሴትየዋ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ትጠርግ ነበር። ታውቃለች ማለት ነው። የኮሌጁ ወንበር ለልጇ እንደተወሰደ ታውቃለች፤ በምን ዋጋ እንደተወሰደ ግን አልነገሯትም።

ቀደዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ግቢው ይሰበሰባል፤ ይሰበሰብና «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣች?» ብሎ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች፣ ጥግ እስክትዞር በዝግታ ሄደች፤ ከዞረች በኋላ ግን ጫማዋ መሬት የነካበትን እግዜር ይወቀው። ታክሲው ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ ትራንስፖርት መወደድ ያወራል፤ ረዳቱ መልስ የለኝም ይላል፤ እሷ እጇን ጉልበቶቿ መሃል ቀብራ ተቀምጣ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ መታወቂያ፣ በፊቷ ብቻ ምን ብላ እንደምትገባ ታስባለች። ፊቷም ቢሆን ግማሹ ተወስዷል።

ኮሌጁ በር ላይ የዓለም ሕዝብ ተሰብስቧል። ሻንጣ የጎተተ፣ ባልዲ ያንጠለጠለ፣ ልጁን አቅፎ የሚያለቅስ አባት፣ አባቷ ሲያለቅስ አፍራ የምትሸሽ ልጅ። ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ዋጋቸውን ከጠዋት እስከ ረፋድ ሦስቴ ጨምረዋል። ደረታቸው ላይ ካርድ ያንጠለጠሉ ሲኒየሮች «ፍሬሽ በዚህ! ምዝገባ በቀኝ፣ ገለጻ አዳራሽ!» እያሉ ይጮኻሉ። የምዝገባው ሰልፍ ደግሞ ሰልፍ ነው እንዴ? ጅራቱ ላይ የቆመው ራሱ ጋ ሲደርስ ጡረታ የሚወጣ ይመስላል። ቀደዳ ሰልፉን ከኋላ ወደ ፊት በዓይኗ አበጠረችው፤ አገኘቻቸው። ሦስቱም አሉ። መስኮቱ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሰው ቀርቷቸዋል። አጎቷ ክራቫት አስሯል። ሙሽሪት የቀደዳን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች፤ ጠዋት ገመድ ላይ ፈልጋ ያጣችውን።

ሰዎቹን እየገፋች፣ «አንዴ፣ አንዴ» እያለች ስትደርስ ሙሽሪት ወረቀቶቹን ለመዝጋቢዋ አቀብላለች። መዝጋቢዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሰቀለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ሻይ ያላገኘች ሴት ናት።

«የእኔ ነው!» አለች ቀደዳ። «ያ ስም የእኔ ነው። ወረቀቱም የእኔ ነው።»

አጎቷ አልደነገጠም። የሚያስፈራውም ይሄው ነበር። ፊቱን ዘወር አድርጎ፣ ፎቶ ለሚያነሳው ሕፃን እንደሚስቀው ሳቀላት። «መጣሽ እንዴ የኔ ልጅ?» አለና ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ያደረገው ግን ሰልፉ በሙሉ እንዲሰማ ነው። «ይቅርታ እመቤቴ። ይቺ አሁን የመጣችው የኔ ልጅ ናት። ያቺ ደግሞ የእህቴ ልጅ፣ እናት አባት የላትም፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ልጄ ፈተናው ስላልተሳካላት ትንሽ ተረብሻለች። የሰው ነገር የእኔ ነው ትላለች። ልማዷ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።»

«ወረቀት አለሽ?» አለቻት መዝጋቢዋ።

«እሳቸው ጋ ነው። ቆልፈውበት ነበር።»

«መታወቂያ?»

«እሱም እሳቸው ጋ።»

«ፎቶውስ?» መዝጋቢዋ ማመልከቻው ላይ ያለውን ፎቶ ወደ እሷ አዞረችው፣ ወደ ሙሽሪትም አዞረችው። ፎቶው ለሁለቱም መልኩን አልነፈገም።

«ፎቶው የሁለታችን ነው። አጎቴ ፊታችንን አቀላቅለው ነው የሠሩት።»

ሰልፉ ሳቀ። አንዱ «ይቺስ ቲያትር ክፍል ትግባ!» አለ። ቀደዳ የተናገረችው ሁሉ ለራሷ ጆሮ ተሰማት። ሁለት ልጆችን እንደ ሊጥ የሚለውስ አጎት፣ በማለዳ ሞት የሚያስጠና፣ ስም የሚሰርቅ። ሰልፉ ውስጥ ቆማ ብትሰማው ኖሮ ከሁሉ በላይ የምትስቀው እሷ ነበረች። በዕድሜዋ እንደ ዛሬ እውነት ተናግራ አታውቅም፤ እንደ ዛሬም ቀደዳ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አጎቷ ይህንን ቀድሞ ቆጥሮታል። ከጎኑ የቆመችው ሚስቱ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ጣሪያውን ታያለች።

ያኔ ነው ቀደዳ ክርክሩን የተወችው።

«ይሁን» አለች በቀስታ። «እሷ ናት። ተሳስቻለሁ። ግን እትዬ፣» አለች ለመዝጋቢዋ፣ «ወላጅ የሌላቸው ዶርም ላይ ቅድሚያ አላቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ጠይቀው ይሙሉላት። እንዳይቀርባት።»

«አያስፈልግም፣ አያስፈልግም!» አለ አጎቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ።

«እንዴት አያስፈልግም? ግዴታ ነው» አለች መዝጋቢዋ፤ ሌላ ቅጽ ከመሳቢያ ሳበች። «አባት?»

«አላውቀውም» አለች ሙሽሪት።

«እናትሽስ?»

ሙሽሪት አንገቷን ሰበር አደረገች፤ እንደተማረችው። ሰበር ስታደርገው ግን ዓይኗ በጎን የእናቷን ጫማ አየ፤ ሰርግ ሰርግ የሚሄደውን፣ ተረከዙ ቀጭን የሆነውን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም።

«ምን? አልሰማሁም።»

«የ... የለችም።»

«የለችም ማለት? እዚህ ከተማ የለችም ነው? ልጄ፣ ሰልፉን እያየሽ! በሕይወት አለች ወይስ ሞታለች?»

«በይ እንጂ» አለ አጎቷ በጥርሱ መሃል።

«ሞታለች!» አለች ሙሽሪት። ጩኸቷ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄድ የነበረውን ሰው ሁሉ አዞረው። «ሞታለች! በኩላሊት!»

የሴትየዋ ቦርሳ ወደቀ። ጣሪያውን ታይ የነበረችው ሴት ዓይኗን ወደ ልጇ ፊት አወረደች፤ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፣ ኩላሊት ወዳለበት፣ እውነት እንደታመመ ሰው። «እኔ?» አለች። «በቁሜ? ልጄ... በአፍሽ ቀበርሽኝ?»

«እማዬ፣ አባዬ ነው እንዲህ በይ ያለኝ...»

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች መዝጋቢዋ፣ መነጽሯን አውልቃ።

«አክስቷ ናት» አለ አጎቷ። «እንደ እናት ስለሆነች...»

«ምን አክስቷ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ! አሁን ይፋቁት! የጻፉትን ይፋቁት!»

«ገና አልጻፍኩም እኮ።»

«ቢሆንም ይፋቁት!»

ማንም አልሳቀም። መዝጋቢዋ ሙሽሪትን አየች፤ ሙሽሪት እንደ ሕፃን በሹራቡ እጅጌ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ለፈተናው ምዝገባ የተነሳውን ፎቶ ፈልጋ ከፈተች። ያንን ያነሳው ትምህርት ቤቱ ነበር፤ በችኮላ፣ ማንም ሳይነካካው። አንዲት ልጅ አፏን ከፍታ፣ ካሜራው እስኪያነሳት ሳትጠብቅ፣ የሆነ ነገር እያወራች ተይዛለች። መዝጋቢዋ ከስክሪኑ ወደ ቀደዳ፣ ከቀደዳ ወደ ስክሪኑ ተመላለሰች። «ነይ ወደዚህ» አለቻት። ለአጎቷ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ዘበኛ ሳልጠራ ከዚህ ዞር በል። ይህን ነገር ለኃላፊ አሳውቃለሁ» አለችው።

ቀደዳ ፈረመች። ስሟን ፊደል በፊደል እየቆጠረች ስትጽፍ የሰው ስም የምትጽፍ መሰለች። የኮርሶቿ ዝርዝር፣ ሴክሽኗ፣ ማህተም ያረፈበት ጊዜያዊ መታወቂያ ተሰጣት። ዘወር ስትል አጎቷ አልሄደም፤ ክራቫቱን እያስተካከለ ጆሮዋ አጠገብ ቆሟል። አልተቆጣም። አልተሳደበም። «ቤት እንገናኛለን» አላት፤ ፍላሹን ከማብራቱ በፊት ሰዎችን ዓይናችሁን አትጨፍኑ በሚልበት ድምፅ።

አዳራሹ ሙቅ ነበር። መድረኩ ላይ አንድ የተከበሩ ሰው ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ ስለ ፈተና ኩረጃ፣ ክፍል ውስጥ ስለሚበላ ብስኩት ረጅም ንግግር አደረጉ። ኮርስ መጣልና መጨመር እንዴት እንደሚቻል አስረዱ፤ የከተማ ልጆች ዶርም የሚገቡት በሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ፣ ዛሬ የሚያድሩት ከሩቅ የመጡት ብቻ እንደሆኑ አስታወቁ። በመጨረሻም «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ናችሁ» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ቀደዳ አላጨበጨበችም። የተቀመጠችው መስኮት አጠገብ ነው፤ በመስኮቱ የኮሌጁ በር ይታያል፤ በበሩ ማዶ ደግሞ አጎቷ። ሙሽሪት መጀመሪያ አጠገቡ ነበረች፤ ቆይቶ ታክሲ አስቆመላትና ሄደች። ሚስቱ የለችም። እሱ ብቻ ቆሟል። ፀሐይዋ ከፊቱ ወደ ጎኑ፣ ከጎኑ ወደ ጀርባው ዞረች፤ እሱ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንኳ አላዛወረም።

«ያ ሰውዬ ሐውልት ነው እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ፣ ብስኩት እያቀበለቻት። «ቅድም ስገባም እዚያው ነበር። ታውቂዋለሽ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ቀደዳ ለዚህ ጥያቄ የማትፈጥረው ታሪክ አልነበረም፤ ሰውየውን ከቆመበት በር ጋር፣ ከነክራቫቱ ጨረቃ ላይ ትሰቅለው ነበር። አሁን ግን ብስኩቱ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነባት። «አላውቀውም» አለች። ሲያሳድጋት የኖረውን ሰው ነበር የምታየው፤ አላውቀውም ስትልም እየዋሸች አልነበረም።

ገለጻው አልቆ ተማሪው ሲበተን ወደ በሩ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ትንሽ ሄደች፤ ቆመች። ሌላ የምትሄድበት ቤት የላትም። «እዚህ ግቢ ሌላ መውጫ አለ?» ብላ አንዱን ሲኒየር ጠየቀችው፤ «ገና ሳትገቢ ልትወጪ?» ብሎ ሳቀባት፤ የለም አላት። ያኔ ከዶርሞቹ በኩል፣ ቁልቁል በሚወርደው ጥርጊያ፣ ፍራሽ የተሸከመ የሰርግ ቀሚስ መጣ። የአጎቷ ሚስት ናት። የቀደዳን ፍራሽ ጠቅልላ በገመድ አስራዋለች፤ መሃሉ ላይ ልብሶቿን ጎስጉሳለች፤ የአንዱ ጫማዋ ተረከዝ ተሰብሮ ስትራመድ ታነክሳለች። ቤት ሄዳ እሱ ሳያያት በተማሪ ግርግር መሃል ገብታ መመለሷ ነበር።

«ዶርም ያለችውን ሴትዮ አናግሬያታለሁ» አለቻት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ከሩቅ ነው የመጣችው ብያታለሁ። ዋሽቻለሁ። ታስገባሻለች። በይ ያዢ።»

«እትዬ...»

«አታመስግኚኝ። ጠዋት እንቁላሉን የጠበስኩልሽ ምን ሊደረግብሽ እንደሆነ እያወቅኩ ነው።» ላቧን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ወደ በሩ አልዞረችም፤ አንገቷ ግን በዚያ በኩል እንደደነደነ ያስታውቃል። «ዛሬ ቤት እንዳትመጪ።»

«መቼ ልምጣ?»

«አትምጪ። እሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። የገዛ ልጄን አፍ ከፍቶ እኔን እዚያ ከከተተ...» ጨርሳ አልተናገረችውም። የቀደዳን ክንድ ያዘች፤ ጣቶቿ እንደ ሽቦ ነበሩ። «ታመመች ብለው ቢልኩብሽ እንዳትመጪ። ሰማሽ? ሞተች...» ቃሉ አፏ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ተፋችው። «ሞተች ብለው ቢጠሩሽም እንዳትመጪ። ለቀብሬም ቢሆን። እሱ ነው የሚጠራሽ።»

«እርስዎስ እትዬ?»

«ልጄ እዚያ ናት» አለች፤ እያነከሰች ወደ በሩ ወረደች። ባሏ አጠገብ ስትደርስ ቆም አላለችም፣ እሱም አላያትም፤ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተላለፉ። እሱ ዓይኑ ግቢው ውስጥ ነበር። ቀደዳን ከነፍራሿ አገኛት። ቀስ ብሎ እጁን ከፍ አደረገ፤ ከዚያ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊወስድ እንደመጣ ሰው፣ በትዕግሥት፣ በፈገግታ ያውለበልብላት ጀመር።

በረኛው ሽማግሌ አየውና ልቡ ተነካ። ፊቱን ወደ ግቢው መልሶ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፤ «ልጄ! አንቺ ባለፍራሿ! አባትሽ ይጠሩሻል! ከቅድም ጀምሮ ቆመው ነው የዋሉት፣ ደርሰሽ ስመሻቸው ግቢ እንጂ!»

ቀደዳ ፍራሹን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው፤ በእሷና በበሩ መሃል አድርጋ፣ ወደ ዶርሞቹ የሚወጣውን ዳገት ተያያዘችው።